ማዳም አክፔኔ ኤዲናምን መርቃ የለቀቀች ዕለት

ሽማግሌዎቹ በበሩ ሲገቡ ማዳም አክፔኔ ልቧ ዘለለ። «ተመስገን፣ መጡልኝ!» አለች በሆዷ። ፊቷን ግን ወዲያው አጨማደደችው። የተቀየመ ሰው ሽማግሌ ሲላክበት ፈገግ አይልማ! ትንሽ መጎተት፣ ትንሽ ማስለመን አለበት፤ አለዚያ ነገ መንደሩ ሁሉ ይስቅባታል።

አክፔኔ የመንደሩ ልብስ ሰፊ ናት። ስንቷን ሙሽራ አልብሳለች፣ ለስንቷ ልጃገረድ መቀስ አስጨብጣለች። ያስተማረቻቸው ግን አንድ በአንድ ወደ ዋና ከተማው ወደ አክራ እብስ አሉ፤ እዚሁ ሱቅ ከፍታ የቀረች አንዲት እንኳ የለችም። ከሁሉም እጇ የሚያምረው ኤዲናም ነበረች። እሷ ደግሞ ትምህርቷን ሳትጨርስ፣ ማዳሟን ሳታስፈቅድ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መሪ ሚስት በራሷ ቤት ተደብቃ ቀሚስ ሰፋች። አክፔኔ ሰምታ ጮኸች። ልጅቷም አፍ አላጣችም፤ የአፏን መልሳላት ወጥታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳዝናል። ኤዲናም መንገድ ዳር የቆርቆሮ ሱቅ ቢጤ ቀለሰች፣ የስፌት መኪናዋን አስቀመጠች፤ ጨርቅ ይዞ የመጣ ሰው ግን የለም። እዚያ አገር ማዳሟ በሰው ፊት መርቃ ያልለቀቀቻት ሰፊ የሰፋችውን መልበስ ነውር ነው። ልጅቷ ዝንብ ስታባርር ከረመች። ይባስ ብሎ ሰሞኑን ሌላ ወሬ ተሰማ፤ ካልታረቁ ኤዲናም መኪናዋን ሸጣ ቅዳሜ አክራ ልትገባ ነው፣ ሰው ቤት ልትቀጠር። ያ እጅ ሰሃን ሊያጥብ! ይህን ከሰማች ወዲህ አክፔኔ እህል አልወርድ ብሏታል። ራሷ ሄዳ እንዳትለምናት ደግሞ ኩራቷ አለ።

አሁን ከሽማግሌዎቹ ጋር የመጣችው ኤዲናም ፊት ለፊቷ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ሽማግሌዎቹ ለእርቁ ያመጡትን የዘንባባ አረቄ አቀረቡ። ቃል አቀባዩ ቶግቤ ጻትሱ ዱላቸውን ተመርኩዘው መሃል ቆሙ፤ በደንቡ የተጣሉት በቀጥታ አይነጋገሩም፣ ሁሉም ነገር በእሳቸው አፍ ያልፋል። ሽማግሌው ደግሞ የመረረውን አጣፍጠው ማቀበል ያውቁበታል።

«ቶግቤ፣ ይህቺን ምላሳም ምን እግር ጣላት በሉልኝ!» አለች አክፔኔ።

«ኤዲናም፣ እናትሽ እንኳን ደህና መጣሽ፣ ምነው ከሳሽ ትልሻለች።»

ነገሩን ለማየት የተሰበሰበ ጎረቤት የሞላው ግቢ በሳቅ ፈነዳ።

«አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ በሉልኝ» አለች ኤዲናም በቀጭን ድምፅ።

«ልጅሽ ጥፋቷ ከብዷት ወገቧ ጎብጧል።»

«የታባቷ ጎበጠች! እንደ አውራ በግ ደረቷን ነፍታ አይደል የሄደችው!»

«ጤና አይንሳሽ፣ ቀጥ ብለሽ ሂጂ ትልሻለች።»

አክፔኔ ሳቋን በግድ ዋጠችው። ጨዋታው ጣማት። ሰው ሲስቅላት ጊዜ ልኩን ረሳችውና፣ «እንግዲያው አክራዋ ትግባ! ከነመኪናዋ ከዓይኔ ትጥፋ በሉልኝ!» አለች።

ቶግቤ አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት። ይህን በምን ያጣፍጡታል? ሳቁም ቀጥ አለ።

ኤዲናም ተነሣች። ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሥታ ወደ በሩ መንገድ ጀመረች።

«ወይ እኔ! ምን አፌን ከፈተው!» አለች አክፔኔ ደንግጣ። «ቶግቤ፣ ይጥሯት እንጂ!»

«ምን ብዬ? የተባለችውን በጆሮዋ ሰምታለች። የኔ አፍ እዚህ ድረስ ነው፤ ራስሽ ጥሪያት።»

በርጩማው ተገለበጠ። አክፔኔ ያን ሰውነቷን ይዛ ሮጠች፤ ልጅቷን በሩ ላይ ደርሳ እጇን ለቀም አደረገቻት።

«የት ነው የምትሄጂው? ውሸቴን ነው! ስትመጪ እንዴት ደስ እንዳለኝ ብታውቂ! አንቺም ጥለሽኝ ከሄድሽ እኔ ማንን ነው ያስተማርኩት?»

«ማዳም፣ እኔ መሄድ መቼ ፈለግኩ?» አለችና ኤዲናም አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አክፔኔም አለቀሰች። እፎይ! ከደረቷ ላይ የወፍጮ ድንጋይ የወረደላት ያህል ቀለላት።

ተማሪ ተመርቃ ስትለቀቅ የሚነሰነሰውን ነጭ የገላ ዱቄት አስመጥታ፣ በሰው ሁሉ ፊት ከልጅቷ አናት ጀምራ እስከ አንገቷ ነሰነሰችባት። «መርቄሻለሁ፣ ለቅቄሻለሁ። እጅሽ ይባረክ፣ ሱቅሽ ሰው አይጣ።» ሴቶቹ እልል አሉ።

ይሁን እንጂ አክፔኔ መንደሯን ታውቃለች። ዛሬ እልል ያለው ሁሉ ነገ ጨርቁን ይዞ ወደ ልማዱ፣ ወደ እሷው ቤት ነው የሚሄደው። ወደ ውስጥ ገባችና ለፋሲካ ያስቀመጠችውን ሰማያዊ ጨርቅ አውጥታ ኤዲናም እጅ ላይ ጣለችው። የመለኪያ ሜትሯንም ከአንገቷ አውርዳ ሰጠቻት።

«ለኪኝ።»

«እኔ? እርስዎን?»

«ለኪኝ አልኩሽ!»

ኤዲናም ከነዱቄቷ የማዳሟን ወገብ በሜትሩ ዞረችው። ሜትሩን አየት አደረገችና፣ «ማዳም፣ ጨምረዋል» አለች።

«አንቺ ባለጌ! ዝም ብለሽ ለኪ!»

ሳቁ ገና ሳይበርድ አንዲት ዓሣ ሻጭ ከአጥሩ ወዲያ አንገቷን አስግጋ፣ «ኤዲናም፣ ነገ ጠዋት ትከፍቻለሽ? ጨርቅ ነበረኝ» አለች።

ኤዲናም ሜትሩን እንደያዘች ዘወር አለች። አክፔኔ ቀደመቻት።

«ትከፍታለች እንጂ! ግን የኔ ቀሚስ ይቀድማል፤ ወረፋሽን ጠብቂ!»