በደረት ኪስ የነበሩት ባትሪዎች

ባለፈው ቅዳሜ ከአክስቴ ከአስካለ ጋር ሽሮ ልንገዛ ዴንቨር፣ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ወዳለው የሐበሻ ሱቅ ሄደን ነበር። ስንወጣ ግርማ ከሚስቱና ከትንሽ ልጁ ጋር ሲገባ በር ላይ ተገጣጠምን። ኮፍያውን አውልቆ፣ "እትዬ አስካለ፣ እንደምን ሰነበቱ?" አለ። አክስቴ ፊቷን ወደ ሽንኩርቱ ጆንያ አዞረች። እኔም እንደ ልማዴ መሬት መሬት አየሁ።

መኪና ውስጥ ገብተን፣ የፊት መስታወቱ ላይ የጋገረው በረዶ እስኪሟሟ ስንጠብቅ፣ "ቃሉን የበላ!" አለች። "ልጄን በባቡር አንሸራሽሮ ጥሏት የሄደ! ልጅም ወልዷል ደግሞ።" ልጄ የምትለው እኔን ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግርማን ባየች ቁጥር እንዲሁ ትላለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔም ዝም እላለሁ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። አገር ቤት የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነው። አክስቴ ብዙ ደክማ ወረቀቴን ጨርሳ አሜሪካ አመጣችኝ፤ አውሮራ ከተማ ባለው አፓርታማዋ ውስጥ ሶፋ ላይ እተኛ ነበር። ቀን ቀን ሎውሪ ሰፈር ባለ አንድ የአዛውንቶች መኖሪያ ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ። ከሰው ጋር ማውራት ያስፈራኝ ነበር። 15 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ወራጅ አለ ለማለት የሚሳበውን ገመድ መሳብ አፍሬ፣ ሌላ ሰው እስኪስበው ጠብቄ፣ ሦስት ፌርማታ አልፌ በበረዶ ላይ በእግሬ የተመለስኩባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው።

ግርማ የትራክ ሾፌር ነበር፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ። ቤታችን ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሻይ አቅርቤ ወደ ኩሽና ተመለስኩ። ከዚያ አክስቴ፣ "ከገና በኋላ ሽማግሌ ይልካል። ምን ትያለሽ?" አለችኝ። ዝም አልኩ። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ስለ ትዳር ተጠይቃ ዝም ካለች እሺ ማለቷ ነው፤ ጨዋ ናት ይባላል። እኔ ግን ምንም ነገር ብጠየቅ ዝም ነበር የምለው። አክስቴ ተነስታ ግንባሬን ሳመችኝ። በቃ፣ አለቀ።

ግርማ ፎቶ ማንሳት ይወድ ነበር። በየዓመቱ በረዶ ሲጥል፣ ተራራው ላይ ባለ አሮጌ የእንፋሎት ባቡር፣ ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ተሰባስበው ይሄዳሉ። በገና ጾም መሀል አንድ ቅዳሜ እኔንና አክስቴን ጋበዘን። ደሴ ያሉት እናቱ የልጅቷን ፎቶ ላክልኝ ብለውታል፤ ባቡሩ ፊት ሊያነሳኝ ነው። ፎቶው ደሴ ከደረሰ ጎረቤት ያየዋል፣ ዘመድ ይመርቃል። ከዚያ ወዲያ እምቢ ማለት አንዲት እናትን ማዋረድ ይሆናል። እምቢ የምልበት ጊዜ ካለኝ እስከዚያች ቅዳሜ ብቻ እንደሆነ አውቅ ነበር። ማለት ግን አልቻልኩም።

ከዴንቨር ስንወጣ አክስቴ ከፊት ወንበር አስቀመጠችኝ።

"ሙቀቱ በዛብሽ?" አለኝ ግርማ።

"አይ፣ ጋሼ።"

አክስቴ ከኋላ በጣቷ ወጋችኝ። "ጋሼ! ባል ጋሼ ይባላል?"

እሱ ሳቀ። "ይተዉአት፣ እትዬ። እኔም ጡረታዬን እጠይቃለሁ።"

ጥሩ ሰው ነበር፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ባቡር ጣቢያው ስንደርስ ከቦርሳው ሦስት የካሜራ ባትሪ አውጥቶ በካፖርቱ የውስጥ ኪስ፣ ደረቱ ላይ ከተታቸው። "ብርድ ባትሪ ይገድላል" አለኝ። "እዚህ ካቀፍኳቸው ግን ቀኑን ሙሉ አይሞቱም።"

ባቡሩ የእንጨት ወንበርና በድንጋይ ከሰል የሚነድ የብረት ምድጃ ነበረው። ፀጉራቸው የነጣ አንዲት ፈረንጅ፣ የባቡር ሠራተኛ ቆብ አድርገው፣ ምድጃውን ይቆሰቁሳሉ። ለሁሉም ሰው ትኩስ ቸኮሌት ሲያድሉ አክስቴ የኔን ኩባያ መለሰችው። "ወተት አለበት፣ ጾም ነው።" ሽታው ግን አጠገባችን ቀረ። ከቤት የያዝነውን ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምን ጉዞው ተጀመረ። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል በረዶ የተሸከመ ጥድ። ባቡር እንደ አውቶቡስ አይደለም ብዬ አሰብኩ፤ የሚሳብ ገመድ እንኳን የለውም።

አንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ቆመ። ግርማ ደንቡን ነገረን። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ በረዶው ላይ ይሰለፋል። ባቡሩ ወደ ኋላ ሄዶ ጥድ መሀል ይሰወርና ጭሱን እያንቦለቦለ ተመልሶ በፊታቸው ያልፋል፤ ያኔ ፎቶ ያነሱታል። የድሮ ዘመን እንዲመስል መስኮቶቹ ባዶ መሆን አለባቸው። ዘመናዊ ጃኬት የለበሰ አንድ ሰው ከታየ የሁሉም ፎቶ ተበላሸ ማለት ነው።

"ባቡሩ ከመንቀሳቀሱ በፊት ለፎቶሽ ጃኬትሽን አውልቂና ነጠላሽን ልበሺ" አለችኝ አክስቴ። "ስትጨርሺ ነይ ውረጂ።"

መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ገብቼ ነጠላውን ለበስኩ። ከዚያ እጄ የበሩን መቀርቀሪያ አልከፍት አለ። የሰው ኮቴ ደረጃውን ሲወርድ ሰማሁ፤ ጸጥ አለ። ባቡሩ ተንገጫገጨና ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ።

ስወጣ ባለ ቆቧ ሴትዮ ደነገጡ። "ዳውን! ዳውን!" እያሉ በእጃቸው ወደ ታች አሳዩኝ። ከሁለት ወንበሮች መሀል ወለሉ ላይ ቁጢጥ አልኩ። የከሰል ትቢያ ነጠላዬን አጠቆረው። ከታች የሚታየኝ ሰማይና ጭስ ብቻ ነበር። ደግሞ ሌላ ሰው ቁጭ በይ ብሎኛል፣ ደግሞ ቁጭ ብያለሁ። ባቡሩ ጮኸ፤ ወደ ፊት ፈጠነ። ለምን እንደተነሳሁ እስከ ዛሬ በደንብ አላውቅም። ጀግንነት አልነበረም፤ ትንፋሽ አጥሮኝ ነው። ተነሳሁና በሁለት እጄ መስኮቱን ያዝኩ። በረዶው ላይ ካሜራዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረው አየሁ።

ከውጭ ጩኸት ሆነ። በእኔ ምክንያት ባቡሩ ሁሉን ነገር እንደገና ሊያደርግ ነው። አውርደውኝ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

"በፈረንጅ ፊት አዋረድሽኝ!" አለች አክስቴ። ሁለተኛው ዙር አልቆ ባቡሩ ሲቆም እጄን ይዛ ከፊት ወዳለው የባቡሩ ሞተር ወሰደችኝ። "እዚህ ቁሚ። ፈገግ በይ።"

ጀርባዬን የብረቱ ሙቀት ይጠብሰኛል፣ ፊቴ ደርቋል። ግርማ ካሜራውን አነሳ። አወረደው። ወደ እኔ ተጠግቶ የካሜራውን ስክሪን አሳየኝ፤ መስኮት ላይ ሆኜ የተነሳሁትን ፎቶ። ያንን ፊት በመስታወት አይቼው አላውቅም ነበር።

"እስከ ዛሬ የጠየቀሽ ሰው አለ?" አለ ዝቅ ብሎ። "አንቺን ራስሽን ማለቴ ነው። ትፈልጊያለሽ?"

ራሴን ወደ ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ፤ አንዴ፣ በጣም ትንሽ።

የካሜራውን ክዳን መለሰ። ከዚያ ዞሮ፣ "እትዬ፣ አልሆነም። ባትሪው ሞተ" አለ።

"ሌላ የለህም እንዴ?"

"ሁሉም ሞቱ። ብርዱ ነው።"

ይህን ሲል እጁ ደረቱ ላይ፣ ኪሱ ላይ ነበር።

ገና አለፈ፤ ሽማግሌ አልመጣም። ደውሎ ለአክስቴ ሐሳቤን ቀየርኩ አላት። ስድቡን ሁሉ ዝም ብሎ ሰማ። እኔ ኩሽና ሆኜ ስሰማ ደስታዬ አላስቆም አለኝ፤ ማፈር የጀመርኩት ቆይቶ ነው። ከዚያ ወዲህ የአውቶቡሱን ገመድ መሳብ ተማርኩ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፣ የራሴን ቤት ተከራየሁ። እሱ ግን አክስቴ አፍ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ታስሮ ኖረ። በሩን የቆለፍኩበት እኔ ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ መኪናው ውስጥ፣ በፊት መስታወቱ በረዶ መሀል እጅ የምታህል ቦታ ስትጠራ፣ "ባትሪው አልሞተም ነበር" አልኳት።

"የምን ባትሪ?"

ሁሉንም ነገርኳት። አክስቴ ሽሮውን ጭኗ ላይ አቅፋ ብዙ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል አይቼ አላውቅም።

"እና ዘጠኝ ዓመት ሰው ሳማ" አለች በመጨረሻ፣ "አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ዝም ትያለሽ?"

ሞተሩን አጠፋሁ።

የወንበር ቀበቶዋን ፈታች። "ከሱቁ አልወጣም አይደል?"

"መኪናው እዚያው ፓርክ እንዳደረገው ነው።"

"በይ ውረጂና ደግፊኝ። በረዶው ያንሸራትታል።"