የርቢዋ ላም ቆዳ

አባቴን ያደኸየው ቆዳ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ወረርሽኙ ነው» እላለሁ፣ አጭር ስለሆነ። ወረርሽኙማ ከብት ገደለ እንጂ አባቴን አልነካውም። እሱን የጨረሰው አንድ የላም ቆዳ ነው፤ ከቆዳው ቀጥሎ የራሱ ግትርነት፤ ከግትርነቱ ቀጥሎ ደግሞ እኔ። ይህን ባነሳሁ ቁጥር እናቴ «ኤዲያ! ያለፈ ነገር ቆፍረህ ምን ልታገኝ ነው?» ትለኛለች። ምንም አላገኝም። ግን ከሆዴ አልወጣልህ አለኝ።

ቤታችን ከአርባ ምንጭ ወጣ ብሎ፣ ላንቴን ካለፉ በኋላ ባለች የቆላ መንደር ነው። ጎረቤቶቻችን መሬታቸውን ቀስ በቀስ ሙዝ ሲያደርጉት አባቴ ግን በቆሎውን አልተወም። ምክንያቱ ሁለት በሬዎቹ ነበሩ። ሙዝ በሬ አይፈልግም፤ አባቴ ደግሞ በሬ ሳይጠምድ የዋለበትን ቀን ከዕድሜው አይቆጥረውም። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቦቃ። ከእነሱ ጋር አንዲት ጥቁር ላም ታድር ነበር። እሷ የእኛ አልነበረችም፣ የርቢ ነበረች።

ርቢን ለማያውቅ ላስረዳ። ከብት ያለው ሰው ላሙን ለሌላ ሰው ይሰጣል። የተቀበለው ያበላል፣ ያጠጣል፣ ወተቷን ይጠጣል፤ የምትወልደውን ግን አንዱ ላንተ አንዱ ለኔ እየተባለ ይካፈሉታል። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም። ላሟ ብትሞት ያዢው ቆዳዋን ገፎ ለባለቤቱ ያሳያል፤ ሕጉ ይኸው ብቻ ነው። ካላሳየ ሸጧት ይሆናል፣ አርዶ በልቷት ይሆናል፣ ማን ያውቃል? ካሳየ ግን ነገሩ እዚያው አለቀ፣ ስሙን የሚያነሳው የለም። የጥቁሯ ላም ባለቤት ደጋ ላይ የሚኖር የዶርዜ ሸማኔ ነበር። አባቴ ገበያ ላይ ከሱ ጋቢ ሲገዛ ተዋወቁ፣ ከዚያ በኋላ ወንድሜ እያለ ነው የሚጠራው።

ወረርሽኙ የመጣው ሚሊኒየሙ ሊገባ ዓመት ሲቀረው፣ ከበልግ ዝናብ በፊት ነው። መጀመሪያ ከወንዙ ማዶ ተሰማ፣ ቀጥሎ እኛ ዘንድ ደረሰ። ከብቱ ሣር ይተዋል፣ አፉ አረፋ ይደፍቃል፣ በሦስተኛው ቀን ይወድቃል። ከወረዳ የእንስሳት ሐኪም መጣና ለበሽታው ረጅም ስም አወጣለት። መርፌው ግን የደረሰው የሚወጋ ከብት ከጠፋ በኋላ ነው። መመሪያው ፈጥኖ ነበር የመጣው። እኛ አገር ከመድኃኒት ቀድሞ የማይደርስ መመሪያ የለም!

ያኔ እኔ የቀበሌያችን ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ፣ ገና ሁለተኛ ዓመቴ። ጽሑፉ ያምራል ተብዬ የከብት ጉዳት ኮሚቴ ጸሐፊ አደረጉኝ። ስለዚህ እሑድ ከጸሎት በኋላ፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ መመሪያውን በአማርኛ ያነበብኩት በጋሞኛም ያስረዳሁት እኔው ነኝ። የሞተ ከብት ከነቆዳው ይቀበራል። ቆዳ መግፈፍ ክልክል ነው። የገፈፈ ይጠየቃል፣ ካሳም አያገኝም። ደንቡን ለጠበቀ ገበሬ ግን መንግሥት በሞተበት ከብት ልክ ምትክ ጊደር ይሰጠዋል። አባቴ ከፊት ቆሞ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ስብከት እንደሚሰማ ሰው ሰማኝ።

በዚያው ሳምንት ቀዩ በሬ ሞተ። በማግስቱ ቦቃው። አባቴ ሁለቱንም እንደተባለው ከነቆዳቸው ቀበረ። ጉድጓዱን አብረን ቆፈርን። ስንጨርስ ቀንበሩን ከደጅ አንስቶ ጣሪያው ሥር ሰቀለው። ሦስተኛው ቀን ላይ ጥቁሯ ላም ወደቀች። ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ቢላዋ ሲስል አገኘሁት።

«አባባ፣ ምን ልታደርግ ነው?»

«ልገፍፋት ነዋ።»

«ክልክል ነው ብዬ አንብቤ የለም እንዴ?»

«ሰምቼሃለሁ። በሬዎቹ የኔ ናቸው፣ መንግሥት እንዳለው ቀበርኳቸው። ላሟ ግን የሰው ናት። ነገ የሰውየውን ዓይን የማየው እኔ ነኝ እንጂ መንግሥት አይደለም።»

ጮህኩበት። በሽታው ይዛመታል አልኩት፣ ካሳው ይቀርብሃል አልኩት፣ እኔንም ታሳስረኛለህ አልኩት። «አመድ አሸዋለሁ፣ ፀሐይ አደርቀዋለሁ» ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ሲብስብኝ ትቼው ወጣሁ። ሄጄ ለኮሚቴው መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። መርዳትም እንደ ልጅ ይገባኝ ነበር፤ ያንንም አላደረግሁም። ከሁለቱም ሳልሆን ዋልኩ።

ቆዳው ሲደርቅ ጠቅልሎ በገመድ አሰረውና ወደ ዶርዜ ወጣ። የሞተ ከብት ቆዳ የሚጭን ሾፌር ስላልተገኘ ያንን ሁሉ ጠመዝማዛ ዳገት በእግሩ ነው የወጣው። በሦስተኛው ቀን ተረከዙ ተሰነጣጥቆ ተመለሰ፣ ፊቱ ግን በርቷል። «ቆዳውን ዘረጋሁለት» አለን። «በእጁ ዳሰሰው። ጀርባዋ ላይ ያለችውን ምልክት አየ። ንጹሕ ሰው ነህ ብሎ መረቀኝ።» ይህን ያህል ሲደሰት ያየሁት በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው።

ከዚያ ካሳውን መጠበቅ ሆነ። ክረምቱ አለፈ። ሰው «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ሲቀልድ ሲያላግጥ ከረመ። አባቴ ግን አልቀለደም። ሁለት ጊደር ይደርሰኛል፣ ሁለቱን ሸጬ አንድ በሬ እገዛለሁ፣ ከጎረቤቴ በሬ ጋር መቀናጆ አርሳለሁ እያለ ያስብ ነበር። በሬ ከሌለ መሬቱን ለሙዝ ነጋዴ ከመስጠት በቀር ምርጫ አልነበረውም። አንዱ ነጋዴ ጀምሮታል፤ በየሳምንቱ እየመጣ አጥሩ ሥር ቆሞ መሬቱን በዓይኑ ይለካል።

በመጨረሻ እውነትም ጊደሮች መጡ፣ በአይሱዙ ተጭነው። ኮሚቴው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተሰበሰበና እኔ ብዕሬን ይዤ ተቀመጥኩ። ወይ ጉድ፣ የዚያን ቀን የጻፍኩትን! አምና ላሙ ገደል ገብታ የሞተችበት ሰው በወረርሽኝ ሞተችብኝ ብሎ ተመዘገበ። የአንዱ ኮሚቴ አጎት ሁለት ጊደር ተጻፈለት፤ የእሱ ላሞች እዚያው ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ሲያገሱ ይሰማናል። ቀና ብዬ ሊቀመንበሩን ሳየው «ጻፍ እንጂ መምህር» ይለኛል። እኔም እጽፋለሁ። ጽሑፌ ያምራላ!

የአባቴ ስም ሊደርስ ሲል ያ ሸማኔ ገባ። የእህቱ ልጅ ወረዳ ቢሮ ይሠራ ነበርና ካሳው ለባለንብረት እንደሚሰጥ ነግሮታል። ቆዳውን ተሸክሞ ነው የመጣው። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፣ ጥቁሯን ላም ከነምልክቷ። «ላሟ የኔ ናት፣ ማስረጃዬም ይኸው» አለ።

ሊቀመንበሩ ቆዳውን ገልበጥ አደረገና «ማነው የገፈፈው?» አለ።

«ያዢዬ ነዋ!» አለ ሸማኔው፣ በሩ አጠገብ የተቀመጠውን አባቴን እያሳየ። «እንደሱ ያለ ታማኝ ሰው በዚህ ዘመን የት ይገኛል? በእግሩ ተሸክሞ ዶርዜ ድረስ አመጣልኝ እኮ!»

ሊያመሰግነው ነው። እውነት እላችኋለሁ፣ ሊያመሰግነው ፈልጎ ነው። ሰው በክፋት ቢገድለኝ ይሻለኛል ያልኩት የዚያን ቀን ነው።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ መመሪያውን ያነበብከው አንተ ነህ። ያን እሑድ አባትህ ነበር?»

«አሞት ነበር፣ አልመጣም፣ አልሰማም።» ይቺን ብል አባቴ ይተርፍ ነበር። ውሸቱ አፌ ላይ ነበር። በዚያ ሁሉ የሐሰት ስም መሐል አንዲት የእኔ ብትጨመር ማን ያውቃታል? ግን ፈራሁ። ሊቀመንበሩን ፈራሁ፣ ደመወዜን ፈራሁ፣ ከሁሉም ይልቅ አባቴን ፈራሁ። ብዋሽለት ተነስቶ «ነበርኩ» እንደሚል አውቃለሁ።

«ነበር» አልኩ።

አባቴ ራሱን ነቀነቀ፣ ልክ ነው እንደማለት።

ከዚያ ጻፍኩ። በቃለ ጉባኤው በአንዱ ገጽ «ቆዳ ገፎ በመገኘቱ ከካሳ ተሰርዟል» ብዬ አባቴን። በሚቀጥለው ገጽ «የላሟን ቆዳ በማስረጃነት ስላቀረበ አንድ ጊደር ይሰጠው» ብዬ ሸማኔውን። ያው አንዱ ቆዳ፣ በዚያው በአንዱ ጠረጴዛ ላይ። ሁለቱንም በዚያ ቆንጆ ጽሑፌ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ሸማኔው ጊደሯን እየነዳ በቀጥታ ወደ እኛ ግቢ መጣ። «ወንድሜ፣ እኔ ቆላ ለቆላ ስከራተት አልኖር፤ ያው አንተው በርቢ ያዛት» አለው። አባቴ እንዴት ደስ እንዳለው! በራሱ በሬዎች ፈንታ ልትመጣለት የሚገባትን ጊደር የሰው ንብረት አድርጎ ተቀብሎ፣ እጅ ነስቶ፣ ሣር አጨደላት። እናቴ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብላ ገባች። እኔ አባቴን ለሁለት ወር ያህል በቅጡ አላነጋገርኩትም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኛ ደጃፍ መሆኑን ግን አላወቅሁም ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት መሬታችን ሙዝ ሆነ፣ የነጋዴው ሙዝ። አባቴ በገዛ መሬቱ ላይ የነጋዴውን ሙዝ የሚያጠጣ ሠራተኛ ሆኖ ገባ። ቀንበሩ ጣሪያው ሥር እንደተሰቀለ ምስጥ በላው።

ጊደሯ ላም ሆነች። የመጀመሪያ ጥጃዋን ሸማኔው ወሰደ፣ ደንቡ ነው። ሁለተኛው የእኛ ነበር፣ ሞቶ ተወለደ። ሦስተኛውን ስንጠብቅ፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ይመስለኛል፣ እሷው ራሷ ሞተች። ሆዷ ተነፍቶ ነው፤ መንገድ ዳር የሚጣለውን ፌስታል በልታ። ያኔ አባቴ አርጅቷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ቢላዋውን ስሎ እኔን ጠራኝ።

«ግፈፋት» አለኝ።

«አባባ፣ እባክህ።»

«ግፈፋት፣ ውሰድለት።»

ገፈፍኳት። ምን ላድርግ? አሁን ወረርሽኝ የለም፣ የሚከለክል የለም። በአይሱዙ ጀርባ ላይ ጭኜ ዶርዜ ወጣሁ፤ ሾፌሩ ለቆዳው እንደ አንድ ተሳፋሪ አስከፈለኝ። የሸማኔው ቤት ተለውጧል፤ ለቱሪስት ፎጣና ጋቢ የሚሸጥበት ደጅ አለው። አንገቱ ላይ ሞባይል አንጠልጥሏል። ቆዳውን ልዘረጋለት ገመዱን መፍታት ስጀምር ሳቀ።

«ተወው፣ ተወው! ምን አደከመህ ልጄ? ስልክ ብትደውሉልኝ ይበቃኝ ነበር እኮ!»

«አባቴ እንድታየው ፈልጎ ነው፣ ጋሼ።»

«አይ አባትህ! ያኔም እንዲሁ ተሸክሞት መጣ። ወንድሜ ቃልህ ይበቃኝ ነበር፣ ለምን ለፋህ ብዬው፣ ሳልፈታው እዚያ ማዶ ጥግ ላይ ጣልኩት። ትዝ ያለኝ የእህቴ ልጅ ስለ ካሳው ሲነግረኝ ነው።»

ከዚያ በኋላ ምን እንደተባባልን አላስታውስም። ብላ ብሎ ቆጮ አቀረበልኝ፣ መብላቴን እንጃ። የማስታውሰው መኪናው ላይ ሆኜ ዳገቱን ስወርድ ያሰብኩትን ነው። «ሳልፈታው» አለ። አባቴ ዳሰሰው ያለን፣ ምልክቷን አየ ያለን፣ ፊቱ እንዲያ በርቶ! በሕይወቱ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ያን አንዱን ዋሸን። የሁለቱን በሬዎች ካሳ ያጣንበት ቆዳ አላስፈላጊ እንደነበር ገና ከመንገድ ሲመለስ ያውቅ ነበር። እኔ ኮሚቴ ፊት ስከዳውም ያውቅ ነበር። ራሱን ሲነቀንቅም።

ስደርስ ከደጅ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

«ሰጠኸው?»

«ሰጠሁት።»

«ዘረጋህለት?»

«ዘረጋሁለት አባባ። በእጁ ዳሰሰው። ምልክቷን አየ። አባትህ ንጹሕ ሰው ነው ብሎ መረቀን።»

አባቴ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየኝ። ያን ጊዜ ብዋሽለት ተነስቶ ያጋልጠኛል ብዬ የፈራሁት ሰው ነው። ከዚያ ዓይኑን ወደ ነጋዴው ሙዝ መለሰ።

«ያኔም እንዲሁ ነው ያደረገው» አለኝ።