ማዕዘኑስ ገጠመ፣ ጎኑስ?

ባሕር ዳር ከሐይቁ አቅራቢያ ባለ ትምህርት ቤት ጂኦሜትሪ አስተምራለሁ። ሁለት ጎነ ሦስቶች እኩል ናቸው የሚባለው አንዱ በሌላው ላይ ሲደረብ ጎኑም ማዕዘኑም ልክ ሲገጥም ነው። ማዕዘን ብቻውን አይበቃም። ይህን ለማሳየት ሰሌዳ ላይ የምሠራበትን ትልቅ ባለ ሦስት ጎን የእንጨት ማስመሪያ አነሣና የአንዷን ተማሪ ትንሽ የፕላስቲክ ማስመሪያ እደርብበታለሁ። ማዕዘናቸው አንድ ነው፤ ትንሹ ግን ትልቁ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ልጆቹ ይስቃሉ፤ ከዚያ በኋላ አይረሱትም።

አባቴ ባረፈ ሰሞን በትውልድ ቦታችን በመራዊ ያየሁትን ሳስብ ግን አሁንም ደሜ ይፈላል። አባቴ የተወው መሬት ሁለት ቦታ ነው፤ የመስኖው ቦይና መንገዱ በሰያፍ ስለቆረጧቸው ሁለቱም ባለ ሦስት ጎን ሆነዋል። አንዱ ለእናቴ፣ አንዱ ለታላቅ ወንድሜ ሊደርስ ሽማግሌ ተቀመጠ። እናቴ ከዚያ መሬት ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

ወንድሜ ከዋርካው ሥር በእንጨት ሁለት ጎነ ሦስት ጫረ፤ አስተካክሎ፣ እኩል አድርጎ።

«ይኸው፣ ሦስቱም ማዕዘን ከሦስቱ ይገጥማል። ቦዩ ዳር ያለውን እኔ ልውሰድ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ለእናታችን ይሁን» አለ።

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። በእኛ አገር የድንበር ድንጋይ የሚተከለው ማዕዘን ላይ ነው፤ ድንጋዩ ከጸና መሬቱ ጸና ይባላል። በድንጋዮቹ መካከል ስላለው ርዝመት የጠየቀ የለም። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» ይባላል፤ የእኔ ወንድም በጂኦሜትሪ ሊያመካኝ መጣ! በእኔው ትምህርት!

«አባቶቼ፣ ጎኑንስ ማን ለካው?» አልሁ።

«እታለም፣ ይኼ እኮ የከተማ ትምህርት አይደለም» አለኝ ወንድሜ እየሳቀ። አንዱ ሽማግሌም ሴት ልጅ በሽማግሌ መካከል ስትገባ እንደማያምር ነገሩኝ። ተናደድሁ።

«እሺ፣ እኩል ከሆኑ ይቀያየሩ» አልሁ። «የቦዩ ዳር ለእሷ፣ የመንገዱ ማዶ ለእሱ። እኩል ነገር ቢቀያየሩት ምን ይጎድላል?»

ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ትልቁ፣ ቄሱ፣ ወደ ወንድሜ ዞሩ። «እውነቷን ነው። ምን ትላለህ ልጄ?»

ወንድሜ ሳቁ ጠፋ። «አይ፣ እኔማ ቦዩ ዳሩ ላይ ለአቮካዶ ጉድጓድ አስቆፍሬበታለሁ» አለ።

እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተቀምጣ ነበር። ቀና አለች።

«መቼ?» አለችው። «የአባትህ አርባው እንኳ አልወጣ፤ መቼ አስቆፈርኸው?»

ቄሱ ተነሡና መሬት ላይ የተጫረውን በጫማቸው አጥፍተው «ገመድ አምጡ» አሉ። ገመዱ መጥቶ መሬቱ ተለክቶ፣ የቦዩ ዳሩ በሦስቱም ጎን በልጦ እስኪገኝ ድረስ እናቴ ዓይኗን ከልጇ ላይ አላነሣችም።