በዜማ የሚለካው ስልክ

ሞባይል በየኪሱ ሳይገባ በፊት፣ በአንድ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር አንድ ጥቁር ስልክ ነበር። ስልኩ አንድ፣ ናፋቂው ብዙ። ተራ የሚጠብቁት ልጆች ደረጃው ላይ እንደ ወፍ ተደርድረው፣ አንዷ የሌላዋን ፀጉር እየሠራች፣ ሌላዋ ደብተር እያገላበጠች፣ ጆሯቸውን ግን ሁሉም ወደ ስልኩ ቀስረው ይቀመጣሉ።

ከስልኩ አጠገብ በገመድ ወንበር ላይ ሹራብ እየሠሩ የሚቀመጡት ሴትዮ እትዬ አዝማች ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም አላቸው፤ ግን ከደመወዝ ከፋዩ በቀር በዚያ ስም የሚጠራቸው አልነበረም። ድሮ የዚሁ ማደሪያ አንሶላ አጣቢ ነበሩ። ሳፋው ላይ ጎንበስ ብለው ሲያሹ የሚያንጎራጉሩት ዜማ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ይሰማ ነበር ይባላል። በኋላ ሳሙናውና ቀዝቃዛው ውሃ ጣቶቻቸውን ቢያሳብጣቸው ከሳፋው ተነስተው ስልክ ጠባቂ ሆኑ። እጃቸው ጡረታ ወጣ፣ ድምፃቸው ሥራ ላይ ቀረ።

የስልኩ ሕግ ብዙ ነው። ሩቅ አገር መደወል ክልክል፤ ከሩቅ የሚደወልን መቀበል ብቻ። እያንዳንዱ ፎቅ የራሱ ቀን አለው። ወሬም ልክ አለው። ልኩን እንዲጠብቁበት መጀመሪያ የጠረጴዛ ሰዓት ሰጥተዋቸው ነበር። ጥቂት ቀን ሞከሩት። አንዲት ልጅ «አባዬ» ብላ ገና እንባዋ ሲመጣ ሰዓቱ ጮኸባት። እትዬ አዝማች ሰዓቱን አንስተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

«ሰዓት ሆድ የለው፣ ምን ያውቃል!» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ወሬውን በዜማ ለኩት። ልጅቷ «ሃሎ» ስትል እሳቸው ሹራባቸው ላይ እንዳቀረቀሩ ቀስ ብለው ይጀምራሉ፦

ድምፅሽን ሰማሁት ከሩቁ ሲመጣ፣
ሰው ባይመጣ እንኳ ድምፁስ መቼ ታጣ።

አዝማቹን ደጋግመው፣ ትንፋሽ ወስደው፣ ሁለተኛውን ያስከትላሉ፦

መንገዱ ቢረዝም ድልድዩ ቢሰበር፣
ናፍቆት በሽቦ ላይ ይሻገራል ሲበር።

ሦስተኛው የስንብት ነው። እሱ ሲጀመር የምታወራው ልጅ ጨዋታዋን ትሰበስባለች፣ ተረኛዋም ቀሚሷን አራግፋ ትነሳለች፦

ደህና ሁኝ ልበልሽ ሳልጠግብ ወሬሽን፣
ነገ እሰማው የለ ያንኑ ድምፅሽን።

ዜማው ሲያልቅ ስልኩ ይዘጋል። ማንም አይከራከርም። ግን ዜማ እንደ ሰዓት አይደለም፤ እንደ ጎማ ይሳባል። ለምታለቅስ ልጅ አዝማቹ ይረዝማል፣ ከእጮኛዋ ጋር ለምትጨቃጨቅ ደግሞ እንደ ሩጫ ይፈጥናል።

«እትዬ፣ ኧረ ለኔ ሲሆን ምነው ጋለቡት?» ትላለች ጭቅጭቅ የማያጣት ልጅ።

«ያንቺን ጠብ በዝግታ ብዘፍነው ማን ያስታርቀኛል? ዝጊ!»

ከላይ፣ በአስተዳዳሪው ቢሮ ውስጥ፣ የዚህ ስልክ መንታ ተቀምጧል። ሁለቱም በአንድ መስመር የታሰሩ ናቸው፤ የአንደኛው እጀታ ተነስቶ ከቆየ ሌላው ዲዳ ይሆናል። አስተዳዳሪው ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ፈተና ሲመጣ ግን ከተማሪዎቹ ይልቅ እሱ እንቅልፍ ያጣል። በዚያ ዓመት የፈተናው ሰሞን አዲስ ሕግ አወጣ፤ ከምሳ በኋላ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ልጆቹ ስለሚያጠኑ ስልክ እንዳይጮህ።

«እንዴት ዝም ላሰኘው ጌታዬ?» አሉት እትዬ አዝማች።

«እሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ» ብሎ ወደ ስብሰባው ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ስብሰባ ነው።

የስልኩ ደወል የሚቀነስበት ቁልፍ ከተሰበረ ቆይቷል። እትዬ አዝማች የራሳቸውን ብልሃት ዘየዱ። ከምሳ በኋላ ወደ ቢሮው ይወጡና የላይኛውን ስልክ እጀታ ያነሱታል። እንዲሁ ቢተዉት «ቱ ቱ ቱ» እያለ ስለሚያላዝን በፎጣ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ያስተኙታል። አሥራ አንድ ሲሆን ያንን የስንብት ስንኝ እያንጎራጎሩ ደረጃውን ይወጣሉ፣ ፎጣውን ይፈታሉ፣ እጀታውን ቦታው ይመልሳሉ። የስንብቱን ዘፈን ዘፍነው ስልክ የሚቀሰቅሱ በዓለም ላይ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ጭምት የሚሏት ልጅ ነበረች። ድምፅዋን የሚያውቀው ስልኩና እትዬ አዝማች ብቻ ነው ይባላል። እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ልጃቸውን በመርፌ አሳድገው ለዚህ አበቁ። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ግን ክሩ መርፌውን አላገኘው አለ። በየሳምንቱ ሰፈራቸው ካለ ሱቅ ይደውላሉ፤ ቁጥሩን ባለሱቁ ይመታላቸዋል፣ እሳቸው ያወራሉ። በዚያ ሰሞን ለዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ፋሻው በሚፈታበት ቀን፣ ልክ አሥራ አንድ ሲያልፍ ሊደውሉላት ቃል ገብተዋል። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ የጭምት የመጨረሻ ፈተና ነው።

ያን ቀን ከሰዓት ሁለተኛ ፎቅ ላይ የውሃ ቧንቧ ፈነዳ።

ውሃው በደረጃው እየዘለለ ሲወርድ ማደሪያው ተናወጠ። አንዷ ባልዲ፣ አንዷ ጆንያ፣ አንዷ የራሷን ብርድ ልብስ ይዛ ወጣች።

«ደብተሬን! ኧረ ደብተሬን አንሱልኝ!»

«አንቺ፣ እስከ ዛሬ ገልጠሽው የማታውቂው ደብተር ዛሬ ትዝ አለሽ?»

እትዬ አዝማች ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው እንደ ድሮው ጎንበስ አሉ። መወልወያ ከእጃቸው ሲገባ ዕድሜያቸው ተረሳቸው፤ ሰዓቱም ተረሳቸው። የቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ውሃው ሲቆም አሥራ አንድ ካለፈ ቆይቷል። ያን ጊዜ ተረኛዋ ልጅ ስልኩን አነሳች፤ ቁጥር መታች፤ አዳመጠች። ደግማ መታች።

«ሞቷል» አለች።

ሁሉም በየተራ ጆሮውን አስጠጋ። ምንም የለም። ከስልኩ በላይ ያለው ግድግዳ እርጥብ ነው።

«ውሃ ገብቶበታል!»

«ስልኩ ውሃ ጠጣ በሉኛ!»

እትዬ አዝማችም አመኑ። የረጠበ ግድግዳ እያዩ ሌላ ምክንያት ማን ይፈልጋል? ከስብሰባው የተመለሰው አስተዳዳሪ ከበሩ ሳያልፍ ወደ ስልክ መሥሪያ ቤት ገሰገሰ። «ከነገ ወዲያ እንልካለን» ብለው መለሱት።

ጭምት ከስልኩ አጠገብ ቆማ ነበር። ወደ ክፍሏ ወጥታ ስትመለስ ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥላለች።

«የት ነው የኔ እናት?» አሏት እትዬ አዝማች።

«እናቴ ጋ ልሄድ ነው። የመጨረሻው አውቶቡስ አልሄደም።»

«ነገ ፈተና አለሽ እኮ! ዓመት ሙሉ የለፋሽበት!»

«እሷ ዓይኗን ከፍታ ማየት አለማየቷን ሳላውቅ፣ እኔ ወረቀቱ ላይ ምን ይታየኛል እትዬ?»

ባለሱቁ ጋ እንዳይደወል የሩቅ መስመር የተዘጋ ነው፤ ያልተዘጋ ቢሆንስ ስልኩ የት አለ? ልጅቷ ጉንጫቸውን ሳመችና ወጣች። እትዬ አዝማች መወልወያውን አንስተው ደረጃውን ማድረቅ ጀመሩ። አፋቸውም በልማድ ተከፈተ።

ድምፅሽን ሰማሁት ከሩቁ ሲመጣ...

ታችኛው ደረጃ ደረቀ። ድልድዩም ተሰበረ፣ ናፍቆቱም ተሻገረ፤ መካከለኛው ደረቀ። ወደ ላይኛው ሲደርሱ፣

ደህና ሁኝ ልበልሽ...

አሉና እግራቸው ቀጥ አለ። ይህ ስንኝና ይህ ደረጃ ይተዋወቃሉ። በየቀኑ እዚህ ላይ ነው የሚገናኙት። ዛሬ ግን... ዛሬ ይህን ስንኝ ገና አሁን መጀመራቸው ነው።

«ውይ በሞትኩት! ፎጣዬ!»

መወልወያው በደረጃው እየተንከባለለ ወረደ። እትዬ አዝማች ያበጡ ጣቶቻቸው ቁልፉን እያንቀጫቀጩ የቢሮውን በር ከፈቱ፣ መሳቢያውን ሳቡ። እጀታው በፎጣቸው ተጠቅልሎ፣ እንደ ጠገበ ሕፃን ተኝቷል። ፈትተው ቦታው አስቀመጡት። ወዲያው በመስኮት ብቅ ብለው፣ አንሶላ ማጠብ ከተዉ ወዲህ ያላወጡትን ድምፅ ለቀቁት።

«አንተ ሰውዬ! ያቺን ልጅ ያዝልኝ!»

ዘበኛው ከበሩ ላይ ቀና አለ። «የትኛዋን? ምን ወሰደች?»

«ምንም አልወሰደችም! ባለ ቦርሳዋን! አታስወጣት!»

«ካልወሰደች ለምን እይዛታለሁ ሴትዮ?» እያለ የጭምትን ቦርሳ ያዘ። ልጅቷ ከበሩ አንድ እግሯን አውጥታ ነበር።

ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። የላዩም የታቹም በአንድ አፍ። እትዬ አዝማች የላይኛውን አፈፍ አደረጉት።

«ሃሎ!»

«ኧረ እናንተ ልጆች ምን ዓይነት ወሬ ነው ያላችሁ?» አለ ከዚያ ማዶ የሴት ድምፅ። «ፀሐይ እስክትጠልቅ ተይዟል፣ ተይዟል፣ ተይዟል! ጣቴ እስኪዝል መታሁት!»

«ማን ልበል? የጭምት እናት ነዎት?»

«አዎ፣ ነኝ።»

«ባለሱቁንም አደከሙታ፣ ይቅር ይበሉን...»

«የምን ባለሱቅ?» ሴትየዋ ሳቁ፤ ሳቃቸው መሃል ላይ ተሰበረ። «እሱ ቁጭ ብሎ እያየኝ ነው። ቁጥሩን ራሴ ነኝ የመታሁት እህቴ። አንድ በአንድ እያየሁ። ሲያዝ ደግሜ እመታዋለሁ፤ ሲያዝ ደግሜ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መያዙ ብዙም አልከፋኝም።»

እትዬ አዝማች ፎጣቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ከደረጃው ሥር የሚሮጥ እግር ተሰማ፤ የታችኛው ስልክ ተነሳ።

«እማዬ?»

የላይኛውን ቀስ አድርገው፣ ሕፃን እንደሚያስተኙ፣ አስቀመጡት። ወርደው ገመድ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ሹራባቸውን አነሱ። ደረጃው በልጆች ሞልቷል፤ እርጥብ ብርድ ልብስ የያዘችውም አለች። እትዬ አዝማች ጀመሩ። የመጀመሪያውን ስንኝ ዘፈኑ፤ አዝማቹን፤ አሁንም አዝማቹን፤ ከዚያም አዝማቹን።

ጭቅጭቅ የማያጣት ልጅ ጠጋ አለች። «እትዬ፣ ይሄ ዘፈን ወደ ሁለተኛው አይሄድም እንዴ?»

«ዛሬ አዝማች በዝቶበታል። ዝም በይ!»

አስተዳዳሪው ከስልክ መሥሪያ ቤት ተመልሶ ሲገባ ወሬውን ሰማ። እትዬ አዝማች ቀና ብለው፣ ዜማውን ለአፍታ አቋርጠው፣

«ጌታዬ፣ ውሃው አይደለም። እኔ ነኝ። ከምሳ በኋላ በፎጣ ጠቅልዬ መሳቢያዎ ውስጥ ያስተኛሁትን ረስቼው ነው» አሉት።

እሱ መሳቢያው፣ ፎጣው፣ ምኑም ከዚያ በፊት አልተነገረውም ነበር። ትከሻው በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ለዚህ ነው መሳቢያዬ ውስጥ ሁልጊዜ ፎጣ የማገኘው? እኔ እኮ ረስቼው የሄድኩ እየመሰለኝ ቤት ስወስደው ነበር!»

«ሦስት ፎጣ የጠፋብኝ ለካ...» አሉ እትዬ አዝማች።

ደረጃው ሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ከላይ በኩል አንዷ፣ በዚያው በእሳቸው ዜማ፣ ስንኝ ጣለች፦

ውሃ ጠጣ ብለን እኛ ስናዝንለት፣
ለካስ ተኝቶ ነው ፎጣ ተደርቦለት።

ሌሎቹ ተቀበሏት። «ዋልጌዎች!» አሉ እትዬ አዝማች፤ እሳቸውም ተቀበሉ።

ጭምት አንድ ጆሮዋን በመዳፏ ከድና ታወራ ነበር። ያን ያህል ስታወራ አይታ የምታውቅ የለችም። ስለ ፈተናው ተናገረች፤ ስለ ቧንቧው ተናገረች፤ እናቷ መጀመሪያ ያዩት ነገር ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ መልሱን ሰምታ ሳቀች። ከተራ ጠባቂዎቹ አንዲትም ቀሚሷን ለማራገፍ አልተነሳችም። እትዬ አዝማችም ወደ ስንብቱ አልተሻገሩም፤ ያን ስንኝ ዛሬ ደረጃው ላይ ጀምረውት እዚያው ጥለውት መጥተዋል፣ የሚያነሳው ቢጠፋ ግድ የላቸውም።

ያነሳችው ራሷ ጭምት ናት። ወሬዋ ሲያልቅ እጀታውን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ ለእናቷ፣ በዚያ ማንም በማያውቀው ድምፅዋ፣

ደህና ሁኝ ልበልሽ ሳልጠግብ ወሬሽን፣
ነገ እሰማው የለ ያንኑ ድምፅሽን

ብላ ዘፈነችና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ቦርሳዋን ከዘበኛው ተቀብላ፣ ደብተሯን ከውስጡ አወጣችና፣ ያልረጠበ ደረጃ ፈልጋ ማንበብ ጀመረች።

«ተረኛ!» አሉ እትዬ አዝማች፣ አፍንጫቸውን በፎጣው እየጠረጉ። «ምን ታፈጣላችሁ? ዜማው አልቋል እኮ!»