ኦሪን ከውጊያው ሕግ የቀነሰው

ኦሪን ሃልቨርሰን ዕድሜውን ሙሉ አሜሪካ ውስጥ የዱሉዝ ከተማን መንገድ በረዶ ሲጠርግ የኖረ ሰው ነው። በረዶ በጣለ ቁጥር ያን ግዙፍ መኪና ይዞ ይወጣል፤ ብቻውን ሲነዳ ውሎ የሚመለሰው አንድ ነገር በጭንቅላቱ እየፈጨ ነው፤ የጨዋታችንን የውጊያ ሕግ። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ በእሱ ምድር ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ለጨዋታ እንሰበሰባለን። አጫዋቹ እሱ ነው። ታሪኩን እሱ ይተርካል፣ እያንዳንዳችን የፈጠርነውን አንድ ሰው ይዘን እንጫወታለን፣ ሰይፍ ሲመዘዝ ደግሞ ዳይስ፣ ያ በየፊቱ ቁጥር ያለበት ጠጠር፣ ይፈርዳል።

መከራው ፍርዱ ነበር። ማን እንደሚቀድም አንድ ዳይስ ይጣላል፣ ሰይፉ የት እንዳረፈ ሌላ ዳይስ፤ ከዚያ የጋሻው ጥንካሬ ይቀነሳል፣ የጥሩሩ፣ የብረት ልብሱ፣ ውፍረት ይቀነሳል፣ የሚፈሰው ደም ይደመራል። አንድ ሽፍታ ስንገድል ቀኑ ይመሻል። «ኦሪን፣ ይሄ ሰውዬ እኮ በእርጅና ሊሞትብን ነው» እለው ነበር። አይስቅም። ሕጉን የነካ ሰው እሱን የነካ ይመስለዋል። ግትር ነው፤ ግትርነቱን ስለምወደው እንጂ እኔስ የምውልበት አጥቼ አልነበረም።

ከጎኑ የሚቀመጠው የልጅነት ጓደኛው ዌንደል ፕሩት ነው። የዌንደል ሰው ብራም ይባላል፤ ጋሻውን ይዞ ሁልጊዜ ከሁላችን ፊት የሚገባ ጦረኛ። እኛ ስንቱን ቀብረን ስንቱን እንደ አዲስ ስንፈጥር፣ ብራም ከመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ አልሞተም።

ባለፈው ዓመት ዌንደልን ስትሮክ መታው። አንደበቱ ተመለሰ፣ እግሩም እንደምንም ተመለሰ፤ ቁጥር ግን ከዳው። ዳይሱን ይጥልና አፍጥጦ ያየዋል። ስድስትና አራት ስንት እንደሚሆን ይጠፋዋል። እኛ ላለማየት ወረቀታችን ላይ እናቀረቅራለን። አንድ እሑድ ዳይሱን ወደ ኦሪን ገፋው።

«ይበቃኛል። ጨዋታውን ይዤባችሁ ቆምኩ።»

«ማን አማረረ?» አለ ኦሪን።

«ማርሊስ ታዛጋለች።»

«እኔ ቤተ ክርስቲያንም አዛጋለሁ፤ ምን ላድርግህ!» አልኩት። ሳቅ እንኳ አላለም።

የዌንደል ሚስት አርዲት ልትወስደው ስትመጣ ኦሪንን ደረጃው ላይ ያዘችው። «ቤት ውስጥ ቃል አይወጣውም። ከሰው ጋር የሚያወራው እዚህ ብቻ ነው። ይሄን ካጣ አለቀለት፣ ኦሪን።»

ኦሪን ሕጉን መቁረጥ የጀመረው ያኔ ነው። መጀመሪያ የደሙን ስሌት ጣለ። ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም፤ ቀጥሎ ጥሩሩን ጣለ፣ ቀጥሎ ጋሻውን። በመጨረሻ የቀረው ሃያ ፊት ያለው አንድ ዳይስ ብቻ ሆነ። ከአሥር በላይ ከወጣ ተመትቷል፤ የተመታ ይሞታል። ሕፃንም ይችለዋል።

ዌንደል እንደገና ሰው ሆነ። ራሱ ይጥላል፣ ራሱ ያነባል፣ «ደፋሁት!» እያለ ጠረጴዛውን ይደልቃል። ኦሪን ግን የሠራውን ቤት በገዛ እጁ ያፈረሰ ይመስል ፊቱ ጠቆረ። «አሁን እኮ ይሻላል፤ ይፈጥናል» ስለው «አውቃለሁ» አለና ፊቱን አዞረብኝ። ምነው አፌን በቆረጠው አልኩ።

ብራም ግን አይመታም። ጭራቁም ቀስተኛውም ይስቱታል። አጫዋች ለጠላቶቻችን ዳይሱን የሚጥለው ከካርቶን መጋረጃ ጀርባ ስለሆነ ቁጥሩን የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ነገሩ ለሁላችንም ገብቶናል፤ ሁላችንም ዝም ብለናል። ዌንደል ደግሞ መደመር አቃተው እንጂ ሞኝ አልሆነም።

«ኦሪን፣ ይሄ ሁሉ ጭራቅ ዕውር ነው እንዴ?»

«ዕድለኛ ስለሆንክ ነው።»

«አታሹፍብኝ። መጋረጃውን አንሣ። በግልጽ ጣል።»

በእኛ ጠረጴዛ በግልጽ ጣል የተባለ አጫዋች እምቢ አይልም። እምቢ ካለ ከዚያ በኋላ ማን ያምነዋል? ኦሪን ካርቶኑን አጠፈው። ብራምን ለሚመታው ጭራቅ ጣለ። ዳይሱ ተንከባሎ ተንከባሎ ከዌንደል ፊት ቆመ። አሥራ አራት።

«ጋሻው...» አለ ኦሪን። «በድሮው ሕግ ጋሻው ብቻውን ይመልሰው ነበር። እንደ ድሮው እናስላው። እኔ እደምርልሃለሁ።»

«አንተ ጥለህ፣ አንተ ደምረህ፣ እኔ ታዲያ ምን ልሠራ መጣሁ?» ዌንደል ዳይሱን ትክ ብሎ አየው። «ይሄን ማንበብ እችላለሁ። ሞቷል በል።»

«ሞቷል» አለ ኦሪን።

የፈጠረው ሰው የሞተበት ተጫዋች እዚያው ቁጭ ብሎ ሌላ ይፈጥራል፤ ወጋችን ነው። ወረቀትና እርሳስ አቀበልኩት። እርሳሱን ያዘው፣ ባዶውን ወረቀት ብዙ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው። «ኮቴን አምጡልኝ» አለ። ኦሪን እጅጌውን አስገባለት።

በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም፤ በሌላውም አልመጣም። ከኦሪን ጋር ወደ ዌንደል ቤት ሄድን። አርዲት በሩን ከኋላዋ ገርበብ አድርጋ ወጣች።

«ሕጉን መልሼዋለሁ በይው» አላት ኦሪን። «ጋሻውንም፣ ጥሩሩንም፣ ሁሉንም። ብራም አልሞተም በይው።»

«በዓይኑ አይቶት?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻል ነበር። «ሕጉንስ መለስከው እንበል። እሱን ማን ይመልስልኛል?»

ኦሪን ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ በረዶው ላይ ቆሞ ቀረ። በሩ ከተዘጋ በኋላም አልተንቀሳቀሰም፤ ክንዱን ይዤ ወደ መኪናው የወሰድኩት እኔ ነኝ።