ሳትጠራ የገባችው ግራጫ መኪና

«ቀለም አይዘልቃትም» ተብላ ነበር ከትምህርት ቤት የወጣችው። ዛሬ ጋራዡ ውስጥ ትንሹም ትልቁም «ቀለሜ» ነው የሚላት፤ መኪና የምትቀባው እሷ ናትና። ስሙን ያወጣላት ላሜራ ቀጥቃጩ ነው። እሷም አልተቀየመችውም። «ዘገየ እንጂ ዘለቀኝ» ትላለች ጣቶቿን እያሳየች። ቀለሙ ጥፍሯ ስር ገብቶ ከቆዳዋ ጋር ተዋህዷል፤ ነጭ ጋዝም ሳሙናም አያስለቅቀው።

አንድም መኪና ኖሯት አያውቅም። ግን የድሮ መኪና ሲመጣላት ፊቷ ይበራል። አዲሶቹን «የአንድ እናት ልጆች፣ ያውም መንታ» ብላ ታልፋቸዋለች። የድሮዎቹ እያንዳንዳቸው መልክ አላቸው፤ የሚገረመው አለ፣ የሚያኮርፈው አለ፣ ሰው እንዳየ ልጅ የሚሽኮረመመው አለ። በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትጋቸው የኖረች ስለሆነች፣ የትኛው ፋብሪካ ፓራፋንጎውን፣ የጎማ ሽፋኑን፣ እንዴት እንደሚያጎብጥ፣ የትኛው ኮፈኑ ላይ መስመር እንደሚያወርድ በእጇ ታውቀዋለች።

የምትኖረው ከታላቅ ወንድሟ ጋር ነው። ጋሼ ትለዋለች። ጋሼ ዕድሜውን አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ኋላ ስኳር ዓይኑን ወሰደበት። ሚስቱ ቀድማው ሞታለች፣ ልጆቹ እየራቁ ሄደዋል። እሷም አግብታ ፈትታ ነበርና ሁለቱ ብቸኞች አንድ ቤት ገቡ። ሁለት ክፍል፣ ጠባብ ኮሪደር፣ የጎረቤትን ግድግዳ የሚያይ መስኮት። ጋሼ መስኮቱ ስር ካለው ወንበር አይነሳም። እጆቹ አንዳንዴ ከጉልበቱ ላይ ይነሱና መሪ እንደያዙ ሆነው ይቀራሉ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በቴሌቪዥን የመኪና ውድድር ይተላለፋል። ቀለሜ መጀመሪያ የከፈተችው ቤቱ ጭር እንዳይል ብላ ነበር። ጋሼ የሞተሩን ጩኸት ሲሰማ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ምን ትመስላለች?» አለ።

«የቷ?»

«የምትመራዋ።»

ቀለሜ አየቻት። «ክንፏን የነቀሏት ዝንብ ናት ጋሼ። መሬት ላይ ተለጥፋ ነው የምትሄደው። ጎማዋ ውጭ ነው፤ ሰውዬው ሆዷ ውስጥ ተቀብሮ ጭንቅላቱ ብቻ ይታያል።»

«ይሄማ መኪና አይደለም» አለ ጋሼ ቅር ብሎት።

አሳዘናት። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ የመጣውን ነገር ሁሉ በምን መልክ ያስበው? «ቆይ እስቲ» አለችው። «መኪናውን ሁሉ ቀይ የሚቀባው ፋብሪካ ናት። የድሮ የቤት መኪናውን ታስታውሳለህ? ባለ ሁለት በሯን፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለውን፣ ጎኗ ላይ እንደ ዓሣ የምትተነፍስበት ስንጥቅ ያላትን?»

«እንዴት እረሳታለሁ።»

«የእሷን ገላ አልብሳት። ጎማዎቿን በፓራፋንጎ ሸፍንላት። ክብ ክብ መብራት ስጣት። መስታወቱን ቀና አድርግላት።»

ጋሼ እጆቹን መሪ እንደያዘ ሰው አነሳ። ከዚያ ፈገግ አለ። «መጣች» አላት።

ከዚያ ወዲህ እሑድ የማልበስ ቀን ሆነ። ቀለሜ አንዷንም የውድድር መኪና እንዳለች አትነግረውም፤ ሁሉንም የየፋብሪካቸውን የድሮ ልብስ ታለብሳቸዋለች። ለብርማዋ በሯ እንደ ክንፍ ወደ ላይ የሚከፈተውን፣ ለአረንጓዴዋ ውስጧ በእንጨት የተለበጠውን፣ ለሰማያዊዋ ኋላዋ እንደ ዳክዬ ዝቅ ያለውን። አንዷ ጠምዛዛው ላይ ተንሸራታ ስትወጣ ጋሼ «ይሄ ልጅ አውቶቡስ ነድቶ አያውቅም» ይላል፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

አንድ እሑድ ውድድሩ ተጋምሶ ሳለ፣ «ግራጫዋን ለምን ዘለልሻት?» አላት።

«የምን ግራጫ?»

«መጨረሻ ላይ ያለችው። ባለ አራት በሯ። የኋላ መስኮቷ ላይ መጋረጃ አላት።»

ቀለሜ አየች። መጨረሻ ላይ ያለችው ብርቱካንማ ናት። «አንተው ራስህ ነህ የጨመርካት» አለች እየሳቀች።

ጋሼ አልሳቀም። «የግራ ፓራፋንጎዋ ከሌላው ገላዋ ይጠቁራል። ከሌላ መኪና ላይ የተነቀለ ነው። እንዲህ ያለውን ከየት አምጥቼ ነው የምጨምረው፣ እታለም?»

በሚቀጥለው እሑድም ግራጫዋ አለች፤ ከዚያም በኋላ። በየሳምንቱ አንዷን ትቀድማለች። ቀለሜን የከበዳት የመኪናዋ ነገር ብቻ አልነበረም፤ ጋሼ ስለ እሷ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ጀመረ፣ የሚያወራለት ሰው በሩ ላይ እንደቆመበት ሁሉ።

«ማን ነው የሚነዳት?» ብላ ጠየቀችው። ጥያቄውን ከአፏ እንደወጣ ጠላችው።

«ወንበሩ ባዶ ነው» አለ ጋሼ። «መሪው ግን ይዞራል።»

«በቃ ጋሼ፣ ካሁን ወዲያ እንዳሉ ነው የምነግርህ» አለችና ዝንቦቹን በዝንብነታቸው ትነግረው ጀመር። ጋሼ ራሱን ነቀነቀ።

«ለበሱ እኮ» አላት። «አሁን ማን ያወልቅላቸዋል?»

ግራጫዋ መኪና ጋራዡ የመጣችው በሥራ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ በጭነት መኪና ተጭና ነው። ባለቤቱ ሱፍ የለበሰ ጨዋ ሰው ነበር። ከአጎቱ ነው የወረሳት፤ መጋዘን ተዘግቶባት ኖራለች። ሞተሯን አውጥቶ ሌላ ሜካኒክ ዘንድ ልኮታል። «ጥቁር አድርጊልኝ እህቴ» አለ። «ሞተሩ ኋላ ይገባል።»

ቀለሜ መኪናዋን ዞረቻት። አራት በር። መጋረጃውን ብል በልቶታል፤ ግን አለ። የግራው ፓራፋንጎ ይጠቁራል። የመርጫ ጭንብሏን እንዳጠለቀች ቆማ ቀረች፤ የገዛ ትንፋሿ ጆሮዋ ላይ ይመላለሳል።

«አጎትዎ ይወዳደሩባት ነበር?» አለችው በመጨረሻ።

«ምን ብለው? የቤት መኪና ናት እኮ።» ሳቀባት። «ፋብሪካው ራሱ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ።»

ማታ ጋሼን እንደ ዋዛ ጠየቀችው፤ እንዲህ ያለች መኪና ነድቶ ያውቅ እንደሆን። «ነድቼም ተሳፍሬም አላውቅም» አላት። መምጣቷን አልነገረችውም።

በሩን ስትፈትግ ከግራጫው ስር ነጭ ወጣ። ነጩ እየሰፋ ሲሄድ ክብ ሆነ፤ ክቡ ውስጥ የቁጥር እግር ብቅ አለ። ላሜራ ቀጥቃጩን ጠራችው። እሱም ጎንበስ ብሎ አየ።

«የውድድር ምልክት ነው» አለ። «ይቺ ሴትዮ የቤት መኪና መስላ ነው እንጂ ስትሮጥ የኖረች ናት።»

«ልተወው ይሆን?»

«ሰውዬው ጥቁር ነው ያለሽ። አንቺን ምን ጥልቅ አደረገሽ?»

ፈተገችው። ስትፈትገው ቁጥሩን ላለማንበብ ፊቷን ዞር አደረገች፤ ለምን እንደሆነ እሷም አታውቀው። ሳምንቱ ሳያልቅ መኪናዋ ጥቁር ሆነች፣ ሰው ፊቱን የሚያይባት።

እሑድ ጋሼ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል፣ «ግራጫዋ ዛሬ የለችም» አለ። ቀለሜ ደረቷ ላይ የነበረው ድንጋይ ተንከባሎ የወረደ መሰላት። «አንዲት ጥቁር አለች» አለ ቀጥሎ። «አዲስ የተቀባች ናት፤ ቀለሟ ይሸተኛል። ሁለተኛ ሆናለች።»

በማግስቱ ክንዱን ይዛ ጋራዥ ወሰደችው። እጁን የጥቁሯ መኪና ኮፈን ላይ አኖረችለት። ጋሼ መዳፉን ዘርግቶ ቆየ።

«ትሞቃለች» አለ።

ቀለሜም ነካቻት። እንደ ትኩሳታም ልጅ ግንባር ትሞቃለች። «ፀሐይ ነው» አለ ላሜራ ቀጥቃጩ። መኪናዋ ያለችው ጣሪያ ስር ነው፤ እሱም ያውቃል፣ ቃሉን ሲጨርስ ድምፁ አነሰ። ኮፈኑን አነሱት። ሞተር መሆን በነበረበት ቦታ የጋራዡ ወለል ይታያል። ጋሼ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና በባዶው ላይ አንቀሳቀሰው።

«ሞተር የላትም ጋሼ።»

«ዳሰስኩት እኮ። የላትም» አለ። «ግን ደክሟታል።»

ባለቤቱ መኪናዋን በጭነት መኪና ጭኖ ወሰደ። ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ መጣ፤ «ቀለምሽ ተነሳ» ብሎ ሊቆጣ ነበር የመጣው፣ ቁጣው ግን አልወጣለትም። ቀለሜ መርጫዋን ይዛ አብራው ቤቱ ሄደች። የመኪናዋ አፍንጫ በጠጠር ተበሳስቷል፣ ስንት አገር ጠጠር መንገድ አቋርጣ እንደመጣች ሁሉ። ጎማዎቿ እስከ ክሩ አልቀዋል። ሞተሩ ገና ሜካኒኩ ዘንድ ነው።

«ሰው ገብቶ ይሆን?»

«ቁልፉ እዚህ ነው» አለ ኪሱን ነካ አድርጎ። መኪናዋ ያለችበት ክፍል በር ላይ ቆሞ ነው ያናገራት፤ ወደ ውስጥ አልገባም። እሷም የተበሳሳውን ደፍና፣ ቀብታ ወጣች።

ቤት ገብታ ለጋሼ ሁሉንም ነገረችው። አዳመጣትና፣ «ጎማ ይቀይርላት በይው» አላት። «በዚያ ጎማ እርጥብ ላይ ትገለበጣለች።» ቀለሜ ለሰውዬው ደውላ ከራሷ እንደመጣ ሐሳብ አድርጋ ነገረችው። ለምን ብሎ አልጠየቃትም፤ ቀየረላት። ኋላ መሸጡን ሰማች። ለማን እንደሸጣት አታውቅም።

ጋሼም ስለ ጥቁሯ ማውራት ተወ። አለች ወይ ብላ አትጠይቀውም። እሑዳቸው ግን አልቀረም፤ እሷ ታለብሳለች፣ እሱ ይስቃል።

በቅርቡ ዝናባማ በሆነ አንድ ከሰዓት፣ ውድድሩ ሊያልቅ ሲል መብራት ጠፋ። ምስሉም ድምፁም እልም አለ። ጥቁሩ የቴሌቪዥን መስታወት ላይ የራሷን ፊትና የመስኮቱን ብርሃን አየች። አፏ ግን ወዲያው አላቆመም ነበር፤ ዳክዬ የምትመስለው ሰማያዊ በውስጥ በኩል ገብታ ቀይዋን ስታልፍ ተናግራ ነው ዝም ያለችው።

«ምነው አቆምሽ?» አለ ጋሼ።

«መብራት ጠፋ እኮ።»

«ሰምቻለሁ። ቀጥዪ።»

ቀለሜ ተነስታ መስኮቱን ልትከፍት አሰበች፤ አልተነሳችም። ዓይኗን ከጥቁሩ መስታወት ሳትነቅል ወንበሯን ወደ ወንድሟ አስጠጋች።

«ጠምዛዛው ላይ ናቸው» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መንገዱ እርጥብ ነው።»