ከስልሳ ድምፅ መሃል

ብራዚል፣ ቤሎ ሆሪዞንቴ ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ያገለገሉ የሙዚቃ ሸክላዎች ወደምሸጥባት ሱቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የሚመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ስማቸውን ነግረውኝ አያውቁም። ሸሚዛቸው እስከ አንገት የተቆለፈ፣ ጫማቸው የተወለወለ ነው። ባርኔጣቸውን በሩ ላይ ሲያወልቁ ቤተ ክርስቲያን የሚገቡ ይመስላሉ። የሚያዳምጡት ሁልጊዜ አንድ ሸክላ ነው፤ የከተማችን ኦርኬስትራና ስልሳ መዘምራን የአገራችን ሰው የደረሰውን ቅዳሴ የተጫወቱበት። "ይውሰዱት፣ በነጻ" ብላቸው፣ "ቤት ብቻዬን አልችለውም" ይላሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ድንገት፣ "ባለቤቴ ጃንዲራ እዚህ ውስጥ አለች" አሉኝ። "ከሞተች ሁለት ዓመቷ። ፎቶዋ ሞልቷል፤ ድምጿ ግን ከዚህ በቀር የትም የለም።"

"የቷ ናት ታዲያ?"

አቀረቀሩ። "እሱን እኮ ነው ያጣሁት። አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬ ልለያት አቃተኝ። ያንቺ ጆሮ ገና ወጣት ነው፤ እስቲ ስሚልኝ፣ ልጄ።"

ጆሮዬን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋሁ። አንጀቴን ቢበሉኝ ጊዜ፣ "ይቺ! አሁን ከፍ ያለችው!" ብዬ ዋሸሁ።

"እሷስ አይደለችም" አሉ በቀስታ። "የኔዋ ወፍራሙን ድምፅ ነበር የምትዘምረው። የመዘምራኑ መሪ 'ጃንዲራ ጎበዝ ናት፤ ድምጿ ከሌላው ጋር ተዋህዶ፣ ተለይቶ አይሰማም' ብሎ ያመሰገናት ቀን፣ እየሳቀች ነው ቤት የገባችው።"

ሸክላው አለቀ። እሳቸው ጆሯቸውን አዘንብለው እንደቆሙ ናቸው። ሌላ ምን ላድርግ፤ መርፌውን ከመጀመሪያው አስቀመጥኩላቸው።